አዳማ፦ ጎርፍ የሞላውን መሠረት ምን ላድርገው?

የግንባታ ነገር የምታውቁ ምከሩኝ። አዳማ ከጋራው ሥር ባለችኝ 140 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ቤት ጀምሬ፣ የመሠረቱ የድንጋይ ግንብ ግማሽ ላይ ሲደርስ የሐምሌ ዝናብ መጣ። አዳማ ጋራ የከበባት ሜዳ ናት፤ እዚህ ባያካፋ እንኳ ዳገቱ ላይ ከጣለ ጎርፉ የእኛ ነው። ጠዋት ስደርስ ጉድጓዱ እስከ አፉ ደለል ሞልቶታል። አንዱ ማዕዘን ላይ ውሃው ከግንቡ ሥር ያለውን አመድ የመሰለ አፈር ጠርጎ ወስዶት፣ እጄ እስከ ክርኔ ይገባል። (ቦታውን የገዛሁት በበጋ ነው፤ ያኔ ከአቧራው በቀር ምን ታይቶኝ!)

ግንበኛው «አንድ ሜትር ገረጋንቲ ሙላበት» ይላል። ሙሌቱ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየረጠበ ካልተጠቀጠቀ እንደሚሰምጥ አውቃለሁ፤ የሚያስጨንቁኝ ግን ጎረቤቴ ናቸው። «ልጄ፣ አንተ ከፍ ስትል ውሃው እኔ ሳሎን ሊገባ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሳልሞላ ወለሉን በዓምድ ከፍ አድርጌ ውሃው በሥሩ እንዲያልፍ ብተወው ይሻላል? የተሸረሸረው ማዕዘንስ በኮንክሪት ይጠገናል ወይስ ግንቡ ይፍረስ? ብረቱ ግቢው ውስጥ ዝናብ እየመታው ነው፤ ግንበኛው ደግሞ ሰኞ መልስ ይፈልጋል።