ሞግዚቶቻችን ለልጆቹ ቤተሰቦች ያላቸውን አመለካከት እንዴት እንለውጥ?

ጥያቄ፦ አስተባባሪ፣ ሰበታ
ሰላም ለሁላችሁ። የሕፃናት ማሳደጊያ ማዕከላችን ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ እናት ወይም አባት፣ ካልሆነም አክስት ወይም አያት አላቸው። ሞግዚቶቹ ግን እናት ስትመጣ ፊታቸው ይጠቁራል፤ «ጥላው የሄደች» ይሏታል። ፋይሉም ላይ ያው ነው። ሥልጠና ሰጥተናል፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ምን ይሻላል?

ሶሻል ወርከር፣ ቡራዩ
ከፋይሉ ጀምሩ። «ለልጇ ግድ የላትም» ተብሎ ከተጻፈ፣ ቀጥሎ የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ በዚያው ዓይን ያያታል። የታየውን ብቻ ጻፉ፦ «ሦስት ቅዳሜ አልመጣችም፤ ስልኳ ዝግ ነው።» ከሥሩ «ምክንያቱ ተጠይቋል?» የሚል መስመር ይጨመር፤ ሳይሞላ ፋይሉ አይዘጋ። መልሱ ብዙ ጊዜ ሥራ ነው። በእናንተ በኩል አበባ እርሻ የምትውል እናት ቅዳሜ ጠዋት ከየት ታመጣለች? ጉብኝቱን እሁድ ከሰዓት አድርጉት፤ የታክሲ ሒሳቧንም በጀት ውስጥ አስገቡ።

የ2001 ዓ.ም. የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ልጅን በተቋም ማሳደግን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። የተባበሩት መንግሥታት መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጅ መለያ ምክንያት ሊሆን አይገባም ይላል። ሁለቱንም በስብሰባ አንብቡላቸው።

የሕፃናት አማካሪ፣ ለገጣፎ
ትልቁ ችግር ከጉብኝት በኋላ ያለው ማታ ነው። ልጁ አልጋው ላይ ይሸናል፣ እራት እምቢ ይላል፣ ጓደኛውን ይመታል። ሞግዚቷ «እናቱ መጥታ አበላሸችው» ትላለች፤ ቀጥሎ ጉብኝት ይቀነስ ይባላል። ልጁ ግን የመለያየት ሐዘን ነው የያዘው፤ ጉብኝቱ ሲራራቅ ይብስበታል። እናትየዋ ተደብቃ አትውጣ፤ ከመሄዷ አሥር ደቂቃ በፊት ይነገረው፣ የምትመለስበትንም ቀን ካላንደር ላይ አብረው ያክብቡ።

እናትን ዘበኛ ቤት አጠገብ አግዳሚ ላይ አታስቀምጧት። ልጇን ትጠባት፣ ሹሩባ ትሥራላት፣ ምሳዋን በእጇ ታጉርሳት። ሞግዚቷ ይህን በዓይኗ ስታይ ነው ልቧ የሚለሰልሰው።

የሞግዚቶች ተቆጣጣሪ፣ ገላን
ለሞግዚቶቹም እንዘንላቸው። ሌት ተቀን ያሳደገችው፣ «እማዬ» የሚላት ልጅ እናቱ ስትመጣ ዞር ብሎ ሳያያት ሲቀር ያማታል። ይህን የምትናገርበት ሰዓት ስጧት። በጉብኝት ቀን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰው መድቡ፤ ሥራ ሲደራረብባት ንዴቷን እንግዳው ላይ ነው የምትወጣው።

ከቤተሰቡ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ጉዳይ ለብቻው ይታይ፤ ጉብኝት ከተከለከለም ክልከላው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይሁን።

አስተባባሪ፣ ሰበታ
እግዜር ይስጥልኝ። ጠጥቶ የሚመጣ አባትስ?

ሶሻል ወርከር፣ ቡራዩ
በር ላይ አትጨቃጨቁት። በቀስታ ሸኙት፤ ስልክ የሚያገናኛቸውንም ቀን እዚያው ቁረጡለት። ለልጁ «አባትህ መጥቶ ነበር፣ ዛሬ አልተመቸውም፣ ረቡዕ ይደውልልሃል» በሉት። ረቡዕ ካልደወለ እናንተ ደውላችሁ አገናኟቸው።