አዲሱ ሰፈራችን ወዴት ያዘነብላል? ስንቱስ ወጥቶ መርጧል?

የጠባሴው መምህር (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው በደብረ ብርሃን ከጠባሴ ወጣ ብሎ በተመሠረተ አዲስ ሰፈር ነው። እርሻ የነበረው መሬት ለመኖሪያ ቤት ከተሸነሸነ ወዲህ ነባሩ ገበሬ፣ ከመንዝና ከመርሐቤቴ የመጣው፣ የፋብሪካው ሠራተኛና የዩኒቨርሲቲው መምህር በአንድ እድር ተሰባስበናል። ስለ ምርጫ በተነሣ ቁጥር ሁለት አባባሎች እሰማለሁ፤ አንዱ «አዲስ ሰፈር ለምርጫ ግድ የለውም» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «ይህ ሰፈር ሙሉ በሙሉ የእገሌ ፓርቲ ነው» የሚል ነው። የሥነ ዜጋ መምህር እንደ መሆኔ ተማሪዎቼ ይህንኑ ሲጠይቁኝ በግምት መመለስ ስለ ከበደኝ፣ የአንድን ሰፈር ዝንባሌና ተሳትፎ በማስረጃ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ የምታውቁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቀድሞ ምርጫ አስፈጻሚ

መምህር፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በአንድ ጣቢያ አስፈጻሚ ነበርሁ። ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ውጤቱም ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ተሞልቶና ተፈርሞበት በጣቢያው ይለጠፋል። ስለዚህ የሰፈርን ዝንባሌ በተመለከተ ከዚያ ወረቀት የተሻለ ማስረጃ የለም። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ሳያነብ የምርጫ ክልሉን አሸናፊ ብቻ ሰምቶ ሰፈሩን በዚያ ስም ይጠራዋል። የምርጫ ሥርዓታችን ግን አብላጫ ድምፅ ያገኘ የሚያሸንፍበት ነው፤ ድምፁ ለሦስትና ለአራት ቢከፈል ከመቶ 40 ያገኘ ዕጩ መቀመጫውን ሊወስድ ይችላል፣ የቀሩት 60ዎቹ ጎረቤቶቻችን ግን ሌላ መርጠዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ መራጩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ስለሚሰጡት፣ በአንዱ አንድ ፓርቲ፣ በሌላው ሌላ ሊመርጥ ይችላል። «ሙሉ በሙሉ የእገሌ» የሚባል ሰፈር እኔ አላየሁም።

ቁጥር መርማሪ

ስለ ዝንባሌ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ ተሳትፎው ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2013 ከ90 በመቶ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ ሲባል፣ የተሰላው ከተመዘገቡት መራጮች ነው። 18 ዓመት ሞልቶት ያልተመዘገበ ሰው በዚያ ስሌት ውስጥ ጭራሽ አይታይም። እንደ እናንተ ባለ ሰፈር፣ ከተመዘገበው ሁሉም ማለት ይቻላል ወጥቶ ሳለ፣ መምረጥ ከሚችለው ግማሹ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማጣራት የነዋሪው ቁጥር ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ የደብረ ብርሃን ሕዝብ ከ65 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩም ሆነ የእርስዎ ሰፈር ያኔ አልነበሩም።

የፈረቃ ሠራተኛ

መምህር፣ ግድ የላቸውም ከሚባሉት አንዷ እኔ ስለሆንሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ከሞጃና ወደራ መጥቼ በፋብሪካ እሠራለሁ፤ የምኖረውም ተከራይቼ ነው። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር፤ እኔም ከዓመት በላይ ኖሬ ነበር። ይሁን እንጂ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከትውልድ ቀበሌዬ መሸኛ አምጪ ተባልሁ፤ አከራዬም ተከራይ እንዳላቸው በጽሑፍ ማረጋገጥ አልፈለጉም። መሸኛውን ለማምጣት ከሥራ መቅረት ነበረብኝ፤ የቀረሁበት ቀን ደግሞ ከደመወዜ ይቆረጣል። በዚህ መካከል የምዝገባው ጊዜ አለፈ። አብረውኝ ከሚኖሩት ሦስት ልጆችም ካርድ የወሰደችው አንዷ ብቻ ነበረች። ፖለቲካውን ግን ማታ ማታ ስንከራከርበት እናመሻለን።

የእድሩ ጸሐፊ

ልጄ የተናገረችው እውነት ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። የሰፈር ሰው የሚቆረቆረው ለመንገዱ፣ ለውኃውና ለካርታው ሲሆን፣ ለእነዚህ ቅርብ የሆኑት የቀበሌና የከተማ ምክር ቤቶች ናቸው። የአካባቢ ምርጫ ግን በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ ወዲህ በ2013ቱ ምርጫ ጊዜም አብሮ አልተደረገም። በስብሰባችን «ብመርጥስ ለቧንቧዬ ምን ይጠቅመኛል?» የሚሉ አባላት ሲያጋጥሙኝ ሰነፎች ናቸው ለማለት አልደፍርም።

የጠባሴው መምህር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ ወሰነ ትምህርት ተማሪዎቼ በየቤቱ እየዞሩ ሁለት ነገር ብቻ እንዲጠይቁ አስቤያለሁ፤ በቤቱ 18 ዓመት ከሞላቸው ስንቱ ካርድ ወስደው ነበር፣ ያልወሰዱትስ በምን ምክንያት ቀሩ የሚል። ማንን መረጣችሁ የሚለው ጥያቄ አይነሣም፤ የድምፅ ምስጢርነት በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ ነውና። የእድሩ ጸሐፊ ፈቃድዎ ቢሆን፣ አከራዮች ለተከራዮቻቸው ማረጋገጫ እንዲጽፉ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ያስይዙልን። እህቴ ደግሞ መሸኛ ለማምጣት ስንት ቀንና ስንት ብር እንደሚጠይቅ ቢጽፉልኝ፣ ለአባላቱ በቁጥር አቀርበዋለሁ።