ፊቷ ረዥም ነው፣ ጥርሷ ግን ገጥሟል

የጥርስ ማስተካከል ሕክምና የምታውቁ፣ እባካችሁ ተባበሩኝ። ጅማ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ። የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ራጅ ግራ አጋብቶኛል። በራስ ቅሏ ወለልና በታችኛው መንጋጋዋ ጠርዝ መካከል ያለው ማዕዘን 42 ዲግሪ ነው። የተለመደው 32 አካባቢ ነው፤ ማዕዘኑ ሲሰፋ ፊት ይረዝማል። በዚህ ልክ የፊት ጥርሶቿ ሳይገናኙ ክፍት ሆነው ነበር የምጠብቀው። ግን ገጥመዋል! ስትስቅ ድዷ በሰፊው ይታያል፤ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ አንጀቴን ትበላዋለች።

እንደገባኝ የላይ የፊት ጥርሶቿ ወደ ታች፣ የታቾቹ ወደ ላይ ከነአጥንታቸው አድገው የመንጋጋውን ችግር ሸፍነውታል። ታዲያ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ሲታሰርላት የኋላ ጥርሶቿ ትንሽ እንኳ ብቅ ቢሉ፣ አገጯ ወደ ታችና ወደ ኋላ ዞሮ ንክሻዋ አይከፈትም? የኋላዎቹን ከአሁኑ መግታት ነው የሚሻለው፣ ወይስ እድገቷ እስኪያልቅ መጠበቅ?