ዘምባባዬ መሃሉ ያለው ቅጠል አልከፈት አለኝ

ሚሚ የጓሮዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ የምታውቁ እርዱኝ። ሲኤምሲ በር ላይ የተከልኩት ዘምባባ አለኝ፣ ያ እሾኻሙ ወፍራሙ፣ 5 ዓመቱ ነው። ለሆሳዕና ጎረቤቱ ሁሉ ቅጠል ስጪን ሲለኝ እንዴት እምቢ ይባላል፣ አትክልተኛውን ቁረጥላቸው ብዬ ሥራ ሄድኩ፣ ማታ ስመለስ 4 ቅጠል ቀርቶት እንደ መጥረጊያ ቆሟል 😩 ይኸው 2 ወር አለፈው፣ መሃል ያለው አዲሱ እንደተዘጋ ጃንጥላ ተጠቅልሎ ቀረ፣ የታችኞቹ ደግሞ ጫፋቸው ቢጫ እየሆነ ነው። በየቀኑ በጎማ ውሃ እለቅበታለሁ፣ ዩሪያም ግንዱ ስር በትኛለሁ። ይድናል ወይስ ላስነቅለው?

አቢ፦ ቢጫውን ሁሉ ቆርጠሽ ጣይና ዩሪያ ጨምሪ፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው

ችግኝ ሻጩ፦ ኧረ አቢ አታስጨርሳት 😄 እህቴ ቢጫዎቹን አትንኪ። ዘምባባ ፖታሽየም ሲያንሰው ከአሮጌው ቅጠል እየሳበ ለአዲሱ ይሰጣል፣ ያንን ስትቆርጪበት ቢጫው ወደ ላይ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ብቻ ነው የሚቆረጠው፣ ዛፉን እንደ ግድግዳ ሰዓት አስቢውና ከ3 እስከ 9 መስመር አስምሪ፣ ከዛ በላይ ያለ አረንጓዴ አይነካም። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው፣ ብስባሽ ከግንዱ ራቅ አድርገሽ ብትበትኚ ይሻላል። ደግሞ ሰኔ ገብቶ ዝናብ እየጣለ ጎማ ምን ይሠራል?? እዛ ሰፈር አፈሩ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ውሃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሰዋል፣ ቦይ አስወጪለት።
ዋናው ግን ልቡ ነው፣ አዲሱ ቅጠል የሚወጣበት መሃሉ። እንደ ባህር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፣ ያለው አንድ ልብ ነው እሱ ከሞተ አለቀ። መሃሉን ቅጠል ያዝ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ ተነቅሎ ከመጣና የቅጠሉ ታችኛው ጫፍ ከገማ ልቡ በስብሷል። ጓንት አድርጊ እሾሁ ቀልድ አያውቅም!

ሚሚ የጓሮዋ፦ አሁን ሳብኩት፣ ንቅንቅ አላለም፣ ሽታም የለውም 🙏 ግን ልጄን ሳፋጥጠው ያኔ ለቀለበት ብለው ከመሃል አንድ ለጋ መዘው ነበር አለኝ

ችግኝ ሻጩ፦ አንድ ለጋ ስለተመዘዘ ብቻ አይሞትም፣ ግን ቁስሉ ውስጥ ውሃ ተኝቶ እንዳይበሰብስ እዛ ላይ ከላይ አታጠጪ።

የጣናው፦ እኔ ባህር ዳር ነኝ፣ እዚህ የመንገዱ ዳር ዘምባባ ሲያድግ በዓይን ይታያል፣ እናንተ ጋ ብርድ ስለሆነ ክረምቱን ሙሉ ሳይከፈት ቢቆይ አይግረምሽ። መስከረም ፀሐይ ሲወጣ እዪው።

ሚሚ የጓሮዋ፦ እሺ እጠብቃለሁ። ቦዩን ነገ አስቆፍራለሁ፣ ገጀራውን ግን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ