አርፒኤም የሌላት ትንሽ መኪና ላይ ታኮሜትር መግጠም፦ ንባቡ ሩብ ብቻ ሆነ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ 1.3 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ቤንዚን ናት፤ ከፋብሪካ አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳይ ጌጅ፣ ታኮሜትር) የላትም። ለብቻው የሚሸጥ ባለ 4 ሽቦ ጌጅ ተገጥሟል፦ ቀዩ ከሬዲዮው መስመር፣ ጥቁሩ ክሩስኮቱን (ዳሽቦርዱን) ከያዘው ብሎን፣ ነጩ ከፓርኪንግ መብራት፣ አረንጓዴው ከአንደኛው ሲሊንደር ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው) ሲግናል ሽቦ። ከኋላ ያለው የሲሊንደር መምረጫ 4 ላይ ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከመኪናዋ ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር 800 ሲል ጌጁ 200 ላይ ይቆማል፤ ስካነሩ 3000 ሲል 750። የፊት መብራት ሲበራ ደግሞ ቀስቱ ይንቀጠቀጣል። ጌጁ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 1

ጌጁ ደህና ነው። በሁለቱም ቦታ የሚያነበው ልክ ሩቡን ነው፤ የተበላሸ ጌጅ እንዲህ ተስተካክሎ አይሳሳትም።

ባለ አራት ምት ሞተር ላይ አንድ ካንዴላ እሳት የሚሰጠው ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) 2 ጊዜ ሲዞር አንዴ ነው። ስለዚህ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 እሳት ይሰጣል፤ መምረጫው 4 ላይ ሲሆን ጌጁም በዙር የሚጠብቀው 2 የሲግናል ምት ነው። ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን በተራ ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ዕቃ) ባላቸው መኪኖች አራቱንም የምታቀጣጥለው አንዷ ቦቢና ስለሆነች ከእሷ ማይነስ መውሰድ ይበቃል። ያንተ ግን ለየካንዴላው የራሱ ቦቢና አለው፤ ከአንዱ ብቻ ሲወሰድ በዙር የሚደርሰው ግማሽ ምት ነው። ግማሽ ለ2 ሲካፈል ሩብ። (አንድ ቦቢና ለሁለት ካንዴላ በሚያገለግልባቸው ሞተሮች ንባቡ ግማሽ ይሆን ነበር።)

መጀመሪያ የጌጁን መምሪያ እይ፤ 1 ሲሊንደር ወይም በዙር 0.5 ምት የሚል ምርጫ ካለው ወደዚያ አዙረው፣ አለቀ። ከሌለው የመኪናዋን የሽቦ ዲያግራም አግኝተህ ከኮምፒውተሩ የሚወጣ የአርፒኤም መስመር መኖሩን አጣራ። ክሩስኮቱ ላይ አርፒኤም ባይኖርም መስመሩ ሊኖር ይችላል። እሱም ከሌለ የአራቱን ቦቢናዎች ምት ሰብስቦ አንድ ሲግናል የሚያደርግ የታኮሜትር አዳፕተር ያስፈልጋል።

መልስ 2

መንቀጥቀጡ ሌላ ችግር ነው፤ ማሳውን (ጥቁሩ ሽቦ በቦዲው በኩል ከባትሪው ማይነስ ጋር ያለውን ግንኙነት) ተጠራጠር። የክሩስኮት ብሎን ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ነው የሚታሰረው። ሞተሩ ተነስቶ የፊት መብራት በርቶ እያለ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገህ በጌጁ ጥቁር ሽቦና በባትሪው ማይነስ መካከል ለካ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው። ቀለሙ ተፍቆ ንጹህ የሆነ የቦዲ ብረት ላይ በቀለበት ጫፍ እሰረው፤ የነጩ መብራት መስመርም ከዚያው ማሳ ይጠቀማል።

ቀዩንም ከሬዲዮው አውጣ። ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ሲዞር የሬዲዮ መስመር ስለሚቋረጥ ጌጁ በየማስነሻው ጠፍቶ ይበራል። ከፊውዝ ሳጥኑ፣ ቁልፍ ሲከፈትም ሞተር ሲነሳም 12 ቮልት ከማይለቀው መስመር ወስደህ ለብቻው 2 ወይም 3 አምፔር ፊውዝ አድርግለት። 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃል።

አረንጓዴው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ በጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) ይለፍ፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከቦቢናና ከዲናሞ ሽቦዎች አርቀው፣ መሻገር ግድ ከሆነ በቀጥታ አቋርጦ እንጂ ጎን ለጎን አይሂድ። ቢጫ ሶኬት ያላቸው ሽቦዎች የኤርባግ ናቸውና አትንካቸው፤ ጌጁም ኤርባግ በሚከፈትበት አቅጣጫ አይቀመጥ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። መምረጫው 4፣ 6 እና 8 ብቻ ነው ያለው። አዳፕተር ከመግዛት አራቱን ሲግናል ሽቦዎች አንድ ላይ ቋጥሬ አረንጓዴውን ባስርበትስ?

መልስ 1

በፍጹም እንዳታደርገው! አራቱ ከተቋጠሩ ኮምፒውተሩ አንዱን ሲያዝ አራቱም አብረው ይተኩሳሉ። ቫልቩ ገና ክፍት የሆነው ሲሊንደር ላይም እሳት ይደርሳል፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ይተኩሳል፣ የኮምፒውተሩም መውጫ ሊቃጠል ይችላል። አዳፕተሩ ውስጥ ለየመስመሩ ዳዮድ የሚቀመጠው አንዱ ወደ ሌላው እንዳይመለስ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ቦቢናው ስንት ሽቦ እንዳለው ቁጠር። 3 ወይም 4 ከሆነ ማቀጣጠያው (ቦቢናውን የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል) ውስጡ ነው፤ ሲግናሉም በአብዛኛው ወደ 5 ቮልት ስለሆነ 12 ቮልት ብቻ የሚያነብ አዳፕተር አይሰማውም። 2 ብቻ ከሆነ ግን በማይነሱ ላይ በየምቱ ከ300 ቮልት በላይ ስለሚነሳ ለዚያ የተሠራ መግቢያ ይፈልጋል።

ከተገጠመ በኋላ መምረጫው 4 ላይ እንዳለ በሚኒሞ፣ በ2000 እና በ3000 ከስካነሩ ጋር አስተያየው። በሚኒሞ ተስማምቶ ከፍ ሲል ቀስቱ ከዘለለ አንዱ የሲግናል ሽቦ በደንብ አልተያዘም ይሆናል።