አስቸኳይ! ኦፌንሳችን ባዶ ቀርቷል፣ እስከ ማታ ምን ልጻፍ?

የሌሊት ፈረቃ
የአሜሪካ ፉትቦል የሚገባችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሥራ ቦታ የግምት ወረቀት አድለውናል። ማታ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሞልቼ መመለስ አለብኝ። የኛ ኦፌንስ ዘንድሮ (በ2025) ይሻላል፣ ያው ነው ወይስ ይብስበታል? በመጀመሪያው ጨዋታስ ስንት ነጥብ ያስቆጥራል? ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ሄደ። ሁለቱ ሯጮች ሄዱ። ኦፌንሱን የሚመራው አሰልጣኝም ሄደ። ስሚዝም ሊሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ማን ቀረ? ሁልጊዜ የሚነግረኝ ልጅ ስልኩ ዝግ ነው። ከሁሉም የራቀ ግምት የጻፈ ሰው ለሁሉም ምሳ ይጋብዛል።

አርሴ ነኝ
ስሚዝ ሮው ከሆነ ፉልሃም ከገባ ቆየ እኮ።

ሚሚ ዴንቨር
ወንድሜ፣ የቡድኑን ስም እንኳ አልጻፍክም።

የሌሊት ፈረቃ
ኮሎምበስ ነው ያለሁት አልኩ እኮ! ኦሃዮ ስቴት ነዋ፣ ሌላ ምን ቡድን አለ?

አርሴ ነኝ
አላልክም። ደግሞ ኮሎምበስ ክሩ አለ። በእግር የሚጫወቱት።

ጋሽ መምህር
ልጆች፣ ከመሠረቱ እንነሳ። ኦፌንስ ማለት ኳስ የያዘው ወገን ነው። 11 ሰው ይሰለፋል። 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ከሄደ እንደገና አራት ይሰጠዋል፣ ካልሄደ ኳሱን ያስረክባል። ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን የመጨረሻውን መስመር ማሻገር፣ 6 ነጥብ ነው፣ ከዚያ በእግር ከመቱት አንድ ይጨመራል። ኮሌጅ ላይ ደግሞ ተጫዋቹ ተማሪ ስለሆነ በየዓመቱ መልቀቁ ያለ ነው። ወደ ታሪኩ ስንመጣ...

ሚሚ ዴንቨር
ጋሼ፣ ልጁ ሥራ ሊገባ ነው!

ለስሚዝ ስጡት
ምን ያስጨንቃል? ኳሷን ለጄረማያ ስሚዝ መወርወር ነው። አምና ገና በመጀመሪያ ዓመቱ 1,315 ያርድ እና 15 ታችዳውን። 45 ነጥብ ብለህ ጻፍ።

ክሊቭላንድ ሰፈር
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። አንደኛ፣ ስሚዝ የትም አይሄድም። ሃይስኩል ከጨረሰ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ኤን ኤፍ ኤል፣ የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ አዲስ ተጫዋች የሚመርጥበት ድራፍት ውስጥ አይገባም። የእሱ ተራ ደግሞ የሚደርሰው በ2027 ነው። ሁለተኛ፣ የሄደው ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድም አምና ከካንሳስ ስቴት የመጣ አዲስ ሰው ነበር። ያኔም እንዲሁ ስንጨነቅ ነበር፣ ዋንጫው ግን መጣ። ሦስተኛ፣ የሄዱትን አትቁጠርብኝ። ኖቬምበር ላይ ሚሺጋን ሜዳችን ድረስ መጥቶ 13 ለ 10 ሲያሸንፈን ሯጮቹ ሄንደርሰንና ጀድኪንስም፣ ኦፌንሱን የሚመራው ቺፕ ኬሊም እዚያው ነበሩ። ያልነበሩት ከፊት የሚከላከሉት ናቸው። ግራ ታክሉ ሲመንስ ኦክቶበር ላይ ኦሪገን ጋ ተጎዳ። ሴንተሩ ማክላክሊን ደግሞ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። መጠየቅ ያለብህ ስለ ፊት መስመሩ ነው።

የሌሊት ፈረቃ
እሺ፣ ገባኝ። ግን ወረቀቱ ላይ የፊት መስመር የሚል ጥያቄ የለም። ቁጥር ስጡኝ።

ዳላስ ነኝ
ዜሮ ጻፍ። ኦገስት 30 ቴክሳስ ነው የሚመጣባችሁ። ኳርተርባኩን አርች ማኒንግን ይዘን።

ለስሚዝ ስጡት
ጃንዋሪ ላይ 28 ለ 14 የተሸነፈው ማን ነበር?

ዳላስ ነኝ
ከ28ቱ ውስጥ 7ቱ የኦፌንሳችሁ አይደለም። ኳርተርባካችን ኳሱን ሲጥለው ሶየር አንስቶ 83 ያርድ ሮጠ። ሶየር ዲፌንስ ነው፣ ኦፌንስን የሚያስቆመው ወገን። ኦፌንሳችሁ ያስቆጠረው 21 ብቻ ነው። እሱም ሃዋርድ እና ሁለቱ ሯጮች እያሉ!

አርሴ ነኝ
83 ያርድ ሙሉ ማንም አልያዘውም? ቪኤአር አላዩም?

ፓርኪንግ ላይ
ዳላስ ሳያስበው ረድቶሃል። ሁለቱን ጥያቄ ለያይተህ መልስ። ለመጀመሪያው ጨዋታ 20 አካባቢ ጻፍ። ከተተኪ ኳርተርባኮቹ ሴይንም ይሁን ኪንሆልዝ፣ ማንኛውም ቢሰለፍ ኮሌጅ ላይ ጨዋታ ሲጀምር የመጀመሪያው ነው። ዋና አሰልጣኙ ራየን ዴይ እንደዚህ ዓይነት ልጅ ይዞ ቴክሳስን በድፍረት አይገጥምም። አጭር ኳስ እያስወረወረ ዲፌንሱን ይጠብቃል።

ለዓመቱ ግን "ይብስበታል" ብለህ አትጻፍ። አምና በጨዋታ በአማካይ ከ35 በላይ አስቆጥረዋል። ስሚዝ አለ፣ ሌላው ኳስ ተቀባይ ካርኔል ቴት አለ፣ ታይት ኤንዱ (ኳስም የሚቀበል፣ ከፊትም የሚከላከል) ማክስ ክሌር ከፐርዱ መጥቷል። ስሚዝ ላይ ሁለት ሰው ከመደቡበት ከሌሎቹ አንዱ ብቻውን ይቀራል። ኦፌንሱን የተረከበው ሃርትላይንም ለቤቱ እንግዳ አይደለም። ኤን ኤፍ ኤል የገቡትን ኳስ ተቀባዮች ኦላቬን፣ ጋሬት ዊልሰንን፣ ትንሹን ማርቪን ሃሪሰንን ያሠለጠነ ሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሩጫው ነው። ሄንደርሰን እና ጀድኪንስ እያንዳንዳቸው ከ1,000 ያርድ በላይ ሮጠዋል። ከቀሩት ሯጮች ፒፕልስ ገና ልጅ ነው፣ ዶናልድሰን ደግሞ ከዌስት ቨርጂኒያ ገና መምጣቱ ነው። ሦስተኛ ሙከራ ላይ ሁለት ያርድ ሲጎድል ማን ገፍቶ ይገባል? እሱን እስክናይ "ያው ነው" የሚለው ላይ ምልክት አድርግ።

ለስሚዝ ስጡት
ሁለት ያርድም ብትሆን ለስሚዝ ወርውሩለት።

ክሊቭላንድ ሰፈር
ፓርኪንግ ልክ ነው። እኔ ግን 24 እላለሁ።

የሌሊት ፈረቃ
ኧረ አንዱን ቁረጡልኝ፣ አለቃዬ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነው! ደግሞ ከጀርባው "ቋሚ ኳርተርባክ ማን ይሆናል?" የሚል አለ። አሁን ገና አየሁት።

ፓርኪንግ ላይ
ጁሊያን ሴይን። ከአላባማ የመጣው።

ጋሽ መምህር
እሱ አላባማን የለቀቀው የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴበን ጡረታ ሲወጣ ነው። እንግዲህ ስለ ሴበን ካነሳን አይቀር...

ሚሚ ዴንቨር
ጋሼ!! ልጄ፣ በመጨረሻ ምን ጻፍክ?

አርሴ ነኝ
ሥራ ገብቷል መሰለኝ። ግን ቆይ፣ ያ ከፐርዱ የመጣው ልጅ አንድ ዓመት መቀመጥ የለበትም እንዴ? ድሮ እንደዚያ ነበር ይላሉ።

ክሊቭላንድ ሰፈር
ቀርቷል። ከ2021 ጀምሮ ለመጀመሪያ ዝውውር ሳይቀመጡ መጫወት ተፈቀደ። በ2024 ደግሞ ትምህርቱን እስካሟላ ድረስ ደጋግሞ ቢዘዋወርም ይጫወታል ተባለ። አንተ ግን ቀስ እያልክ እየገባህበት ነው።

አርሴ ነኝ
እኔ? በጭራሽ። ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?