ጦሳ ላይ የተከልነው ችግኝ ጥር ላይ አለቀ፤ ዘንድሮ ምን እናስተካክል?

ጦሳ_ግርጌ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ማኅበራችን የተረከበው አንድ ሄክታር የማይሞላ ቦታ አለ። ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ 1,500 ችግኝ ተተከለበት፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ግራቪሊያና ጥቂት ኮሶ። መስከረም ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነበር፤ ጥር ላይ ሲቆጠር የጸደቀው 400 አይሞላም። ላዩ ጥቁር አፈር ነው፣ አንድ ክንድ ሳይቆፈር ድንጋይ ይመጣል። ከላይ በኩል አሮጌ ባሕር ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ያለችው ምንጭም ቀንሳለች። የበልጉ ዝናብ ስለጀመረ አሁኑኑ ጎደሎውን ብንሞላስ? በበጋ ውሃ ማጠጣት ግድ ነው? ባሕር ዛፉንስ ጠርገን እናንሳው?

ችግኝ_ጣቢያ
መጀመሪያ ከደረቁት አራት አምስቱን ከነሥራቸው ቆፍራችሁ አውጡና እዩ። ሥሩ ችግኙ ያደገበትን የላስቲክ ከረጢት ቅርጽ እንደያዘ ከወጣ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ክር ልቃቂት ተጠምጥሞ ከተገኘ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው፤ ችግኙ ከላስቲክ አፈሩ ወጥቶ መሬት አልያዘም። ጥር ላይ ደረቀ ቢባልም ነገሩ የተበላሸው ነሐሴ ላይ ነው። የደሴ ክረምት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ገብቶ መስከረም ሳይጋመስ ይነሳል። ነሐሴ አጋማሽ የተተከለ ችግኝ ሥር የሚሰድበት ጊዜ አራት ሳምንት ቢያገኝ ነው፤ ሐምሌ መጀመሪያ የተተከለው ግን ዘጠኝና አሥር ሳምንት ያገኛል።

በበልግ አትትከሉ። የበልጉ ዝናብ ያታልላል፤ ከሱ በኋላ ግንቦትና ሰኔ ደረቅ ሆነው ይመጣሉ፣ ችግኙም ሥር ሳይሰድ ፀሐይ ላይ ይወድቃል። በልጉን ለቁፋሮ ተጠቀሙበት፣ መሬቱ ለዶማ የሚለሰልሰው አሁን ነው። ጉድጓዱ 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሳንቲሜትር ይሁን። የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ ጎን፣ የታችኛውን በሌላ ጎን ለዩት። ስትተክሉ ጥቁሩ ተመልሶ ሥሩ ዙሪያ ይገባል፣ የታችኛው አፈር ደግሞ በቁልቁለቱ በኩል ለክትር ይሆናል።

ሐምሌ ላይ ዝናብ ዘነበ ብላችሁ በዚያው ቀን አትውጡ። አፈሩን ቆፍራችሁ እርጥበቱ 30 ሳንቲሜትር መውረዱን እዩ። ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቀዳችሁ አውጡ፣ የተጠመጠመውን የሥር ጫፍ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡ፣ ከዚያ በተረከዝ ጠቅጠቅ አድርጉ፤ ሥሩ ዙሪያ ባዶ ክፍተት ካለ ሥሩ ይደርቃል። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ላስቲኩን እየሰበሰባችሁ ቁጠሩ። 1,500 ተተክሎ 1,500 ላስቲክ ካልተመለሰ ከነላስቲኩ የተቀበረ አለ። ብዙ ሰው ባለበት የተከላ ቀን ይህ የማይቀር ነገር ነው።

ችግኙን ስታዝዙም ከመነሳቱ ከሦስትና አራት ሳምንት በፊት ጥላው እንዲነሳለት፣ ውሃውም እንዲቀነስለት ተነጋገሩ። በጥላ ተቀማጥሎ ያደገ ችግኝ ጦሳን አይችልም።

ውሃ_ልክ
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ጉድጓድ ብቻውን እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ አይበቃም። ትሬንች፣ ማለትም ተዳፋቱን አግድሞ የሚቆፈር የውሃ ማቆሪያ ቦይ፣ ጥሩ ነው፤ 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው አንዱ ትሬንች አንዴ ሲሞላ 750 ሊትር ይይዛል። ነገር ግን አፈሩ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው መሆን አለበት፣ እናንተ እንዳላችሁት ከሆነ ድንጋዩ አያስኬዳችሁም። ስለዚህ ግማሽ ጨረቃ ሥሩ። ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክፍቱ ወደ ሽቅብ፣ ቁልቁል በኩል በድንጋይ የተካበ። የመጀመሪያው ድንጋይ 20 ሳንቲሜትር መሬት ውስጥ ካልተቀበረ የመጀመሪያው ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ረድፎቹን በውሃ ልክ ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሆኑ ውሃው በዝቅተኛው በኩል ሰብሮ ይወጣና ቦረቦር ይጀምራል። የታችኛው ረድፍ ከላይኛው ክፍተት ትይዩ ይሁን።

ርቀቱን 2.5 በ2.5 ካደረጋችሁ በሄክታር 1,600 ችግኝ ነው። ለናንተ ቦታ ከዚህ አታጥብቡት።

ስለ ማጠጣት ደግሞ ሂሳቡን እዩት። ለ1,500 ችግኝ አምስት አምስት ሊትር ብትሉ በአንድ ዙር 7,500 ሊትር፣ ማለትም 375 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ጦሳ ላይ ማን ያወጣዋል? ይልቅ እያንዳንዱን ችግኝ በጠፍጣፋ ድንጋይ ክበቡት፣ ግንዱን ሳይነካ። ድንጋዩ እርጥበት ይይዛል፣ እንደ ደረቅ ሣር ምስጥም አይጠራም።

ወይራና_ጥድ
ዝርያውን እንመልከት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ባይሞላም የሚተከለው አንድ አይደለም። ግራቪሊያ፣ ዋንዛና ብሳና ለኮምቦልቻ ይሁኑ። ጦሳ ላይ ግራቪሊያን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጫፉን ያቃጥለዋል። ለእናንተ ጥድ፣ ወይራ፣ ለከብት መኖ የሚሆነው ትሪ ሉሰርን። ኮሶ ጥልቅና እርጥብ አፈር ይወዳል፣ ቦረቦሩ ዳርና ምንጯ አካባቢ ብቻ አድርጉት።

አደራ፣ ክትክታውንና ሌላውን ቁጥቋጦ «እናጽዳ» ብላችሁ አትመንጥሩ። ወይራ ሕፃን ሳለ ከቁጥቋጦ ጥላ ሥር ይሻለዋል፣ ከፀሐይም ከፍየልም ይጋረድለታል። ጥድና ወይራ አብረው ሲያድጉ ማየት የፈለገ ከኮምቦልቻ በላይ የጎፍ ደን ወጥቶ ይይ።

ባሕር_ዛፍ_ነጋዴ
ባሕር ዛፍን ሁሉም ይረግመዋል፣ የደሴ ምድጃና አጠና ግን ከማን ነው? እሱን ብትከለክሉ ሰው ወደ ጥዱ ይሄዳል። በአንዴ ጠርጋችሁ ብታነሱት ደግሞ ተዳፋቱ ራቁቱን ይቀርና ክረምቱ አፈሩን ይወስደዋል። ከምንጯ በላይ ካለው ጀምሩ፣ በአግድም ንጣፍ ንጣፍ እየቆረጣችሁ፣ አንዱ ንጣፍ አገር በቀሉ ሲይዝ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከመሬት አስጠግታችሁ ቁረጡ፣ ልጡን እስከ አፈር በታች ላጡት፣ በአፈር ድፈኑት። የሚወጣውን ቡቃያ ጉልበት ሲደርስ ስበሩት፤ ዓመትና ሁለት ዓመት ይደጋገማል፣ ከዚያ ጉቶው ይደክማል። ለማገዶ የምታቆዩት ክፍል ላይ ግን በየጉቶው ሁለት ጠንካራ ቡቃያ ብቻ ተዉ።

ሳትቆርጡ በፊት ወረቀታችሁን ጨርሱ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበር ደንን ያውቃል፣ ሆኖም ድንበሩ በካርታ ካልሰፈረ ክርክር ይነሳል።

ጦሳ_ግርጌ
እግዜር ይስጥልን። ሁለት የደረቁ ወይራዎች ቆፍረን አየን፣ እውነትም ልቃቂት ነው፤ አንደኛው ላስቲኩም አልወጣለት። ቦታው ተከልሏል፣ ሣሩን አባላቱ እያጨዱ ይወስዳሉ። ይህስ ይጎዳል?

ችግኝ_ጣቢያ
አብሽሩ፣ አጭዶ መውሰድ ከልቅ ግጦሽ ይሻላል። ግን ጥቅምት ላይ ሣሩ ወገብ ሲደርስ ችግኙ አይታይም፣ ማጭዱ አብሮ ይቆርጠዋል። ቆጠራ ላይ «ደረቀ» ተብሎ ከሚጻፈው መካከል እንዲህ የታጨደም አለ፤ አንገቱ ላይ ሰያፍ ቁርጥ ካያችሁ እወቁት። ስትተክሉ ከእያንዳንዱ አጠገብ አንድ ሜትር የሚሆን ጭራሮ ጫፉን ኖራ ቀብታችሁ ትከሉ። ከማጨዱ በፊት በችግኙ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ሣር በእጅ ይነቀል።